ወልቂጤ የጻፈውን፣ ቡታጅራ ያረመውን

ጡረታ ወጥቼ ንብረት ያስረከብኩ ዕለት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ባለ ሁለት ገጽ ቅጽ ሰጠኝ። ወንበር አንድ፣ ጠረጴዛ አንድ፣ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ አንድ፣ የመሳቢያ ቁልፍ ሁለት። ሁሉንም እየቆጠርኩ ፈረምኩ። ከታች «ሌላ ካለ ይገለጽ» የሚል ክፍት ቦታ ነበረው። እስክሪብቶዬን እዚያ ላይ አሳርፌ ትንሽ አሰብኩ። ብዙ ዓመት የደከምኩበት ነገር በዚያ ቅጽ ላይ አልነበረም። ወንበርም ጠረጴዛም አይደለም፤ በእጅ አይያዝም። ሰውየው ምሳ ሰዓት ደርሶበት ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ስለነበር ቦታውን ባዶ ተውኩት። አሁን ጊዜ ስላለኝ እዚህ ልሙላው።

ስሜ አስቴር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ወልቂጤ ነው። አባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ እሱ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እኔ አገና ከተማ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ሒሳብ አስተምር ነበር። አግብቼ ወደ ወልቂጤ ስመለስ የአስተማሪነት ቦታ ጠፋ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን የሚከታተል አንድ ፕሮጀክት የመዝገብ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል አመለከትኩና ተቀጠርኩ። ደመወዙ ካስተማሪነቱ እምብዛም አይበልጥም ነበር።

በሽታው መድኃኒት አለው። ችግሩ መድኃኒቱ ለወራት ሳይቋረጥ መወሰድ ስላለበት ነው። ሰው ሳሉ ሲተወውና ጉልበቱ ሲመለስ ድኛለሁ ብሎ ያቆማል፤ ያን ጊዜ በሽታው በርትቶ ይመለሳል። ስለዚህ የኛ ቢሮ ዋና ሥራ አንድ ነበር። በቀጠሮው ቀን ጤና ጣቢያ ያልመጣውን ሰው ከነመንደሩ በየሳምንቱ ሰኞ ዘርዝረን እንልካለን፤ የጤና ጣቢያው ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ይፈልጉታል። ይህን ወረቀት «የቀሪዎች ዝርዝር» እንለው ነበር። ቢሯችን ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ወልቂጤ፣ ሌላው ቡታጅራ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዝርዝሩን በእጅ እናወጣ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣልን አለቃችን አቧራ እንዳይነካው ብሎ የአልጋ ልብስ አለበሰውና ክፍሉን ቆለፈበት፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይገለጣል። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ተሸፍኖ ኖረ። የገለጠው ጋሽ ሳህሌ ነው።

ጋሽ ሳህሌ የቡኢ ሰው ነው። መረጃ በተበሳ ካርድ ወደ ማሽን በሚገባበት ዘመን አዲስ አበባ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቷል። እናቱ ሲያረጁ ለአገሩ ልቅረብ ብሎ ወደኛ ፕሮጀክት ተዛወረ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። በገባ በሳምንቱ የአልጋ ልብሱን አጣጥፎ ለአለቃው መለሰለትና፣ «ሒሳብ ያስተማረ ሰው እዚህ ቤት አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኔን አሳዩት። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ልጆቼ በኔ ሳቁ፤ እኔ ግን ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ።

ልማዱ ብዙ ነበር። የእንጨት ማስመሪያ ከእጁ አይለይም። ኮዱን፣ ማለት የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ በወረቀት አትሞ ማስመሪያውን ከእያንዳንዱ መስመር ሥር እያሳረፈ ጮክ ብሎ ያነባል፤ በያንዳንዱም ላይ «ይቺ መስመር ለምን መጣች?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ከሌለኝ ወደሚቀጥለው አያልፍም። የጻፍኩት መልካም ሲሆን አያመሰግንም፤ ማስመሪያውን ወደ ታች ያወርዳል፣ በቃ። ያቺን የማስመሪያ መውረድ ያህል የሚያስደስተኝ ነገር አልነበረም።

በሁለት ዓመት ውስጥ የቀሪዎችን ዝርዝር የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍን። ከዚያ ለቡታጅራ ቢሮ በድሩ የሚባል ሰው ተቀጠረ። የመስቃን ልጅ ነው፤ አባቱ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ዕድሜው ከኔ በአሥራ አምስት ዓመት ያንሳል። በእጁ ፈጣን፣ በአፉ ቁጥብ ነበር። እኔን እትዬ አስቴር ይለኛል።

እዚህ ላይ አሠራራችንን ላስረዳ፤ ታሪኩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ኮዱ ወልቂጤ ባለ ሰርቨር በሚባል አንድ የጋራ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። እኔም በድሩም በየኮምፒውተራችን ላይ የየራሳችን ቅጂ አለን። የምንሠራው በቅጂያችን ላይ ነው፤ ስንጨርስ ወደ ሰርቨሩ እንልካለን። ከመላካችን በፊት ግን ሌላው የላከውን አውርደን ቅጂያችንን ማደስ አለብን። የተለያየ ቦታ ነክተን ከሆነ ማሽኑ ራሱ ያዋሕደዋል። ሁለታችንም አንድ መስመር ላይ እጃችንን አሳርፈን ከሆነ ግን ማሽኑ አያውቅበትም፤ ግጭት አለ ብሎ ይቆማል። ፋይሉን ስትከፍቱት የተጋጨው ቦታ በምልክት ታጥሮ ታገኙታላችሁ፤ ከላይ የናንተ፣ መሐል ላይ የእኩል ይሆናል ምልክቶች ሰልፍ፣ ከታች ደግሞ የባልንጀራችሁ። ከዚያ ምርጫው የሰው ነው። የኔ ይሁን ማለት ይቻላል፣ የሱ ይሁን ማለት ይቻላል፣ ቁጭ ብሎ ከሁለቱ አንድ ማውጣትም ይቻላል።

ጋሽ ሳህሌ ግጭት ሲመጣ መጀመሪያ የላዩንም የታቹንም አያነብም። ሁለታችን ከመንካታችን በፊት የነበረውን አሮጌውን ጽሑፍ አውጥቶ ያትመዋል። «የሁለቱን እናት ሳታውቂ ልጆቹን አትዳኚ» ይለኝ ነበር። አሮጌውን ካነበበ በኋላ እያንዳንዳችን ምን ጨመርን፣ ምን ቀነስን ብሎ በሁለት ቀለም ያሰምራል። በመጨረሻ ስልክ ይደውላል። በድሩን «ምን ጻፍክ?» አይለውም፤ የጻፈው ፊቱ አለ። «ምን ሊስተካከልልህ ፈልገህ ነው?» ይለዋል። ይህን ሳያደርግ የሰው መስመር ሰርዞ አያውቅም።

አሁን ወደማያኮራኝ ነገር ልግባ።

ፕሮግራሙ በሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያው ዓመት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ጋሽ ሳህሌ ለዓይኑ ሕክምና አዲስ አበባ ሄደ። በዚያው ሳምንት ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና አዲሱ አለቃችን አቶ ግርማ ዝርዝሩ በየቀበሌው ተለይቶ እንዲታተም ፈለጉ። አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን እንግዳ ሲመጣ ይርበተበታሉ። በየአሥር ደቂቃው በሬ ላይ ብቅ ይላሉ። እኔ በቀበሌ የሚለየውን ጽፌ ጨርሼ ለመላክ ቅጂዬን ሳድስ ማሽኑ ቆመ። ከበድሩ ጋር አሥራ አንድ ቦታ ላይ ተጋጭተናል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አነበብኩ። በድሩ በቃላቱ መሐል ያለውን ክፍት ቦታ አስተካክሏል፤ ሌላ ነገር አላየሁባቸውም። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አቶ ግርማ እንደገና ብቅ አሉ፤ እንግዶቹ አጥር ግቢው ውስጥ ገብተዋል። የቀሩት ዘጠኙም እንደዚያው ይሆናሉ አልኩና ለሁሉም የኔ ይሁን የሚለውን መረጥኩ። አንድ ጊዜ ነው የተጫንኩት። ዝርዝሩ ታተመ፣ እንግዶቹ አመሰገኑ፣ አቶ ግርማ ከሻይ ጋር ብስኩት አስመጡልን።

በድሩ ያን ሳምንት የሠራው ጳጉሜን ነበር። እኔና ጋሽ ሳህሌ ፕሮግራሙን ስንጽፍ ወሮቹን በሠላሳ በሠላሳ ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ እንዲቆጥር አድርገን አሥራ ሦስተኛዋን ረስተናታል። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ መርሳቴ ዛሬም ያስገርመኛል። በድሩ ይህን አይቶ ጳጉሜ ሳትደርስ አርሞት ነበር። ያረመባቸው መስመሮች እኔ ቀበሌ ለመለየት የነካኋቸው ናቸው። የኔ ይሁን ስል የሱ ጠፋ። ይባስ ብሎ እሱ በማግስቱ ቅጂውን ሲያድስ የኔው ያለ ምንም ግጭት ወረደለት፤ ሥራው ከእጁ ሲወጣ ማሽኑ አንዲት ቃል አልነገረውም።

ያወቅነው መስቀል አልፎ ሁሉም ከየአገሩ ሲመለስ ነው። በድሩ ደወለ። የጤና ጣቢያ መዝገብ በእጁ ሲያገላብጥ ቀጠሯቸው ጳጉሜ ላይ ውሎ ያልመጡ ሰዎች አይቷል፤ በማንኛውም የሰኞ ዝርዝር ላይ ግን የሉም። ያደረግኩት ነገር ወዲያው ገብቶኛል።

«እትዬ አስቴር» አለኝ፣ «ስህተት ኖሮበት ጥለሽው ቢሆን ምንም አልልም ነበር። አንብበሽው ነበር ወይ?»

«አላነበብኩትም» አልኩት።

ስልኩን ዘጋው። ሦስት ሳምንት ያህል ከሥራ ውጪ አላናገረኝም።

ጋሽ ሳህሌ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። አንድ ዓይኑ በፋሻ እንደተሸፈነ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰማኝና ስማቸው ከዝርዝሩ የቀረ ስንት ናቸው አለኝ። ከሁለቱም ቢሮ ስድስት ናቸው አልኩ። «ኮዱን ማረም የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ እሱን በድሩ ይሥራው። አንቺ ወደ ሰዎቹ ሂጂ» አለኝ።

ሄድኩ። አምስቱን በአራት ቀን ውስጥ አገኘኋቸው፤ ሦስቱ ራሳቸው ትዝ ብሏቸው ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሰዋል፣ ሁለቱ አቁመው ነበርና በዚያው ቀን አስጀመርናቸው። ስድስተኛው ከአገና ወዲያ፣ ከመኪና መንገድ ወርዶ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር የሚኖሩ አቶ ሽብሩ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጤና ጣቢያው ያገኘኋት ነርስ አብራኝ መጣች። አቶ ሽብሩ ከእንሰቱ ሥር ጎዝጉዘው ተኝተዋል። ሳላቸው ከሩቅ ይሰማል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዝናሽ እጄን ይዘው አስገቡኝና በጉራጊኛ አጫወቱኝ።

ባላቸው አንድ ጊዜ፣ ግንቦት ላይ፣ ቀጠሮ ቀርተው ነበር። ያኔ በሳምንቱ ሰው መጥቶ ወስዷቸዋል። ስለዚህ ጳጉሜ ላይ ሲቀሩ ሁለቱም ጠበቁ። «ሰው ሳይመጣ ሲቀር፣ በቃ ድኗል ማለት ነው አልን» አሉኝ። «ባይድን ኖሮ ትመጡ ነበር።»

ይህን ሲሉኝ እየወቀሱኝ አልነበረም። እየነገሩኝ ብቻ ነበር። እኔ እዚያ እንሰት ሥር ቆሜ ያቺን አንድ ጊዜ የተጫንኳትን ቁልፍ አሰብኩ። ያቆሙት መድኃኒት እንደ አዲስ ከመርፌ ጋር ተጀመረላቸው፤ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝተው በየቀኑ ተወጉ። በሕይወት ወጡ። ጆሯቸው ግን ከመርፌው ብዛት የተነሳ ደከመ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሲያናግራቸው እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ነው።

አቶ ግርማ በሪፖርቱ ላይ «የሲስተም ብልሽት» ብለው ሊያልፉት ፈልገው ነበር። ለኔ አስበው ነው። እኔ ግን ለብቻዬ አንድ ገጽ ጽፌ፣ ሲስተሙ ደህና እንደነበር፣ ያላነበብኩትን የባልደረባዬን ሥራ የጣልኩት እኔ እንደሆንኩ ገልጬ ፈረምኩበት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ማኅደሬ ውስጥ አለ። የዚያን ገጽ ቅጂ ለበድሩ ላክሁለት። በማግስቱ ደውሎ ስለ ሌላ ሥራ ሲያወራኝ ቆየና በመጨረሻ፣ «የላክሽው ደርሶኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ነገር አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ ሳህሌ ጡረታ ወጥቶ ቡኢ ገባ። ቢሮው ውስጥ ኮዱን የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ፤ በቡታጅራ በኩል በድሩ አለ። ግጭት ሲመጣ እንደ ጋሽ ሳህሌ አደርግ ነበር፤ እናቲቱን፣ አሮጌውን ጽሑፍ፣ አትማለሁ፣ በሁለት ቀለም አሰምራለሁ፣ እደውላለሁ። ቀልጣፋ አይደለሽም ተብዬ በአፈጻጸም ምዘና ላይ ነጥብ የተቀነሰብኝ ጊዜም ነበር።

ከዚያ አንድ ክረምት መጣ። መንገድ ሲቆፈር የስልክ መስመሩ ተቆረጠና ወልቂጤና ቡታጅራ በኮምፒውተር መገናኘት አቃታቸው። ዛሬ ይጠገናል፣ ነገ ይጠገናል ሲባል አራት ወር ሆነ። በዚያው ጊዜ ደግሞ የሕክምናው ደንብ ተለወጠ፤ ስምንት ወር ይወሰድ የነበረው መድኃኒት በስድስት ወር እንዲያልቅ ተባለ። ፕሮግራሙ ወዲያው መለወጥ ነበረበት። እኔ በወልቂጤ ቅጂ ላይ ለወጥኩ፣ በድሩ በቡታጅራ ቅጂ ላይ ለወጠ። ተነጋግረን ለመሥራት ስልኩም አብሮ ሞቷል።

መስመሩ ሲመለስ ቅጂዬን አደስኩ። ግጭቱ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ቦታ ላይ ነበር።

አቶ ግርማ ከበላይ ባለሙያ አስመጡ። ጨዋና የተማረ ሰው ነው፤ ግማሽ ቀን ተመልክቶ የወልቂጤውን እንድንይዝ፣ የቡታጅራውን እንድንጥል መከረ። አቶ ግርማም ዋናው ቢሮ እዚህ ነው፣ የኛ ይያዝ አሉ። ወሬው ምሳ ሳይደርስ ቡታጅራ ደረሰ። የዚያው ቢሮ ኃላፊ ደውለው፣ እንዲያ ከሆነ እኛ የራሳችንን ይዘን እንቀጥላለን፣ ከናንተ አናወርድም አሉ። ነገሩ የኮድ መሆኑ ቀርቶ የከተማና የከተማ ሊሆን ነው። ሁለት ዝርዝር ሊኖረን ነው ማለት ነው። ወልቂጤ ጀምሮ ቡታጅራ የሄደ ሰው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ባሏን ተከትላ የሄደችው፣ ሁሉም በሁለቱ መሐል ይወድቃሉ። አቶ ሽብሩ በአንድ ቁልፍ ነው የወደቁት።

ወደ አቶ ግርማ ክፍል ገባሁ። ባለሙያውም እዚያው ነበር።

«አምስት ቀን ስጡኝ» አልኳቸው። «ቡታጅራ ሄጄ ከበድሩ ጋር አንድ በአንድ አነበዋለሁ። አንድም መስመር ሳይነበብ አይጣልም። በስድስተኛው ቀን ዝርዝሩ ካልሰመረ የምትሉትን አደርጋለሁ።»

አቶ ግርማ ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱን በአምስት ቀን እንዴት ብዬ እንደምጨርስ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። ባለሙያው ፈገግ አለና፣ እሳቸውን አይቶ፣ «ይሞክሩ» አላቸው። ስለዚያች ቃል እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

የወልቂጤውን ቅጂ በዲስክ ይዤ ሰኞ ጠዋት ተነሳሁ። በአገና፣ በአረቅጥ እያልኩ፣ ሚኒባስ እየቀያየርኩ ተራራውን ተሻግሬ ከሰዓት ቡታጅራ ገባሁ። በድሩ ጠረጴዛ ጠርጎ፣ የሁለታችንን ኮድ አትሞ፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ከሁለቱ ክምር አጠገብ ሦስተኛ ክምር አለ፤ መስመሩ ከመቆረጡ በፊት የነበረው ነው። እናቲቱን አልረሳትም።

እንዲህ ሠራን። መጀመሪያ እኔ አሮጌውን አነባለሁ። ከዚያ እሱ የኔን ለውጥ ያነባል፣ እኔ የሱን። የሰው ሥራ ጮክ ብላችሁ ስታነቡ ልትንቁት አትችሉም። ከዚያ እያንዳንዳችን ምን እንዲስተካከል ፈልገን እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንናገራለን። አብዛኛው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ስምንቱን ወር ወደ ስድስት ያወረድንባቸው ቦታዎች ሁለታችንም አንድ ነገር በሁለት አጻጻፍ የጻፍንባቸው ናቸው። የተሻለውን እየያዝን አለፍን። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ከመቶ በላይ ጨርሰን ነበር።

የከበደው የስም ነገር ነበር። በአራቱ ወራት እኔ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሞክሼ ፊደላት የሚያስታርቅ ኮድ ጽፌ ነበር፤ አንዱ መዝጋቢ ኃይሉን በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሀ» ስለሚጽፈው፣ ፕሮግራሙ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል እንዲያመጣ። በድሩ ደግሞ በዚያችው መስመር ላይ ሌላ ጽፏል። በእነሱ በኩል ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሐመዴ እየተባለ አንድ ሰው በሦስት ስም ይመዘገባል፤ እሱ እነዚህን የሚያገናኝ የስም ሰንጠረዥ ሠርቷል። ማሽኑ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ይላል። እኔ ሞክሼው ይበልጣል አልኩ፤ እሱ ሰንጠረዡ ይበልጣል አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃችን ከፍ አለ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሳህሌ ከቡኢ በሚኒባስ መጣ። በድሩ ነው ደውሎ የጠራው፤ ለኔ አልነገረኝም። ዓይኑ ስለደከመ ወረቀቱን ማየት አይችልም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና አንብቡልኝ አለ። ሁለቱንም አነበብንለት።

«አስቴር ምን ፈልጋ ነው?» ብሎ በድሩን ጠየቀው።

«ፊደሉ ቢለያይም ስሙ አንድ እንዲሆን።»

«በድሩስ ምን ፈልጎ ነው?» አለኝ እኔን።

«ስሙ ቢለያይም ሰውየው አንድ እንዲሆን» አልኩ። ስናገረው ራሴን ሰማሁት።

ሁለቱንም አስገባናቸው፤ በላይ የሱን፣ በታች የኔን።

አርብ ጠዋት ሁለት መቶ አሥራ ሰባቱም አለቁ። አሁን መፈተኛው መጣ። ያለፈውን ዓመት የአንድ ወር መዝገብ ከሁለቱም ከተማ አስመጥተን፣ በድሩና የጤና ጣቢያዋ መዝጋቢ ቀሪዎቹን በእጅ አወጡ፤ አርባ ሦስት ሰው። ፕሮግራሙን አስነሳነው። አርባ አራት አወጣ።

አንዱ ከየት መጣ? ስሞቹን ማስመሪያ እያሳረፍኩ አንድ በአንድ አነበብኩ፣ ጋሽ ሳህሌ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሠላሳዎቹ ውስጥ ስደርስ እጁን አነሳ። «ይህን ሰው አሁን ከጥቂት ስም በፊት ጠርተሽዋል» አለኝ። ተመልሰን አየን። አንድ ሰው ወልቂጤ ላይ በ«ሐ» «መሐመድ»፣ ቡታጅራ ላይ በ«ኀ» «ሙኀመድ» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ሰው ሆኗል። ሰንጠረዡ በ«ሐ» የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ፊደሉ ከመታረቁ በፊት ስለሚሠራ «ኀ»ን አይቶ አላወቀውም። በድሩ ከኔ ቀድሞ ገባው። ሳቀና፣ «ያንቺ ከላይ መሆን ነበረበት» አለኝ። ቦታቸውን አቀያየርን፤ ሰንጠረዡንም በታረቁት ፊደላት አደረግነው። እንደገና አስነሳነው።

አርባ ሦስት። ስሞቹም እነዚያው።

በድሩ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ «አልሐምዱ ሊላህ» አለ፣ እኔም ጌታ ሆይ ተመስገን አልኩ፤ ጋሽ ሳህሌ ማስመሪያውን ከእጄ ወስዶ ወደ ገጹ ግርጌ አወረደው። ከዚያ ግጭቱ ተፈቷል የሚለውን ትእዛዝ በድሩ ጻፈና ወደ ሰርቨሩ ላክን። ወልቂጤና ቡታጅራ ከአራት ወር በኋላ አንድ ቅጂ ያዙ።

ለሰኞ ዝርዝር ብዬ ቡታጅራ ሰነበትኩ። ከሁለቱም ከተማ የወጣው የመጀመሪያው የጋራ ዝርዝር ነው። አቶ ግርማ ከወልቂጤ ደውለው ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ስም በስም ካመሳከሩ በኋላ፣ ባለሙያው አሠራራችሁን ጽፋችሁ ላኩልኝ ብሏል አሉኝ። በኋላ ላይ በሌሎች ቦታዎችም እንዲሠራበት አደረገ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

በዚያ ዝርዝር ላይ ወደ መጨረሻው አንዲት ሴት ነበረች። ወልቂጤ ላይ ዘይነባ ተብላ ተመዝግባ ሕክምና ጀምራ ነበር፤ ሦስት ወር ወስዳ ጠፋች። ቤቷ ሲኬድ ለቃ ሄዳለች፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቡታጅራ ላይ ደግሞ ዜነባ የምትባል ሴት ሳል ይዞኛል ብላ አንድ ቀን መጥታ፣ ለምርመራ ተቀጥራ አልተመለሰችም፤ ሕክምና ያልጀመረች ስለሆነች ማንም አይፈልጋትም ነበር። ፕሮግራሙ የአባቷን ስም፣ ዕድሜዋንና የበድሩን ሰንጠረዥ አገናኝቶ አንድ ሰው ናት አለ። አድራሻዋም አብሮ መጣ፤ ቡታጅራ፣ በርበሬ ተራ።

ማክሰኞ ነርሷ ሄዳ አገኘቻት። ረቡዕ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ልወጣ ስል ሴትየዋ ራሷ ቢሯችን መጣች። እጇ ላይ የበርበሬ ብናኝ አለ፣ ፊቷ ተቆጥቷል።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች በር ላይ ቆማ። «ወልቂጤን ስለቅ ለጎረቤት እንኳ አልነገርኩም። ማነው የነገራችሁ?»

በድሩ ሰላምታዋን መለሰና ወንበር ሰጣት። ማንም እንዳልነገረን፣ ሁለት ቦታ የተጻፈው ስሟ እንደተገናኘ አስረዳት። በበሽታው ምክንያት ከገበያ እንዳትገለል ፈርታ ከተማ መቀየሯን፣ አዲሱ ጤና ጣቢያ ሲጠይቃትም እንደ አዲስ መመዝገቧን ቀስ እያለች ነገረችን። ሳሉ ሲያቋርጣት ታቆማለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ስንት ወር ይቀረኛል አለችን። ምርመራው ይወስናል፣ ምናልባት እንደ አዲስ ነው አልናት። የእጇን ብናኝ አራገፈችና፣ «እንግዲህ ካገኛችሁኝ ወዴት እሄዳለሁ» ብላ ወደ ምርመራው ክፍል ሄደች።

አንድም ቀን ሳትቀር ጨረሰች። የጨረሰችበትን ቀን የማውቀው በድሩ ስለደወለልኝ ነው። የመጨረሻዋን ኪኒን ነርሷ ፊት ዋጠችና ወደሱ ቢሮ መጥታ፣ ያቺ የወልቂጤዋ ሴትዮ አለች ወይ ብላ ጠየቀችው። የለችም፣ መልእክት ካለሽ አደርስልሻለሁ አላት።

«ዘይነባም ዜነባም ድነዋል በላት» ብላው ሄደች።